ሐረግ ሃይድራንጂያዬ ቅጠሉ እየለመለመ አበባ ግን አልሰጥ አለኝ፤ ምን ላድርግለት?

ሐመልማል፦

ሰላም ለሁላችሁ። በግድግዳ ላይ የሚወጣ ሐረግ ሃይድራንጂያ አለኝ፤ ከተተከለ ከ5 ዓመት በላይ ሆኖታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምንም ዕድገት ሳያሳይ ቆይቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ በመውጣት አሁን ጣሪያው ጠርዝ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴና ወዛም ነው፤ ተባይም ሆነ በሽታ አይታይበትም። ይሁን እንጂ እስካሁን አንድም የአበባ ዘለላ አላየሁበትም።

ሁኔታውን ለመረዳት እንዲያመቻችሁ የተተከለበትን ቦታ ልግለጽ። ግድግዳው ማለዳ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ፀሐይ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን በጥላ ይውላል፣ ነገር ግን ከፊቱ ያለው ቦታ ክፍት ስለሆነ ጨለማ አይደለም። አጠገቡ ሣር ስላለ፣ ሣሩ ማዳበሪያ ሲሰጠው የሐረጉም ሥር አብሮ ያገኛል። ከግድግዳው ወደ ውጭ ተገፍተው የሚወጡትን ቅርንጫፎች፣ ብርዱ አልፎ አዲስ ቅጠል ሊወጣ ሲል፣ ተክሉ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ እንዲታይ በየዓመቱ በመቀስ አስተካክላቸዋለሁ። የተለየ ውኃ አላጠጣውም፤ የሚኖረው በዝናብ ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ ተክሉ ገና ዕድሜው አልደረሰም ብዬ ልታገሥ፣ ወይስ ከማዳበሪያው፣ ከብርሃኑ ወይም ከአከራከሙ የሚስተካከል ነገር አለ? አንዳንዶች የአጥንት ዱቄት ሥሩ ላይ ብነሰንስበት እንደሚያብብ ነግረውኛል፤ ሌሎች ደግሞ ነቅዬ ፀሐይ ወደሚበዛበት ቦታ እንዳዛውረው መክረውኛል። ከሁለቱ አንዱን ከማድረጌ በፊት ይህን ተክል በቅርብ ከምታውቁት ሰዎች መስማት እፈልጋለሁ።

የጓሮ ባለሙያ፦

ጤና ይስጥልኝ ሐመልማል። ሁኔታውን በደንብ ስላብራሩት መልሱን መፈለግ አይከብድም። ዕድሜውም፣ ብርሃኑም፣ ማዳበሪያውም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን መቀሱ ነው። ብርዱ ሲያልፍ ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጡትን ቅርንጫፎች እንደሚቆርጡ ጽፈዋል፤ ይህ ተክል የሚያብበው ደግሞ በእነዚያው ቅርንጫፎች ላይ ነው።

ሐረግ ሃይድራንጂያ የሚያወጣቸው ቅርንጫፎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቀጭንና ረጅም ሆኖ ከግድግዳው ጋር እየተጣበቀ ወደ ላይ የሚያድገው ነው፤ በሆዱ በኩል ጥቅጥቅ ያሉ ትናንሽ ቡናማ የአየር ሥሮችን ያወጣና በእነርሱ ይይዛል። የዚህኛው ሥራ መውጣትና ቦታ መያዝ ነው፤ አበባ ከእርሱ አይጠበቅም። ሁለተኛው ከዋናው ግንድ ተነሥቶ፣ ግድግዳውን ትቶ ወደ ብርሃኑ የሚዘረጋው የጎን ቅርንጫፍ ነው፤ አጠር ወፈር ያለ ነው፣ የአየር ሥርም አያወጣም፣ ያረጀ ሲሆን ቡናማ ቅርፊቱ በስሱ እየተላጠ ይነሣል። አበባው የሚመጣው ከዚህኛው ነው። ግድግዳው ላይ ልጥፍ ብሎ እንዲታይ የሚከረከም ሐረግ እንግዲህ የሚቀርለት የመውጫው ቅርንጫፍ ብቻ ነው፤ ቅጠሉ ያማረ ሆኖ አበባ የማያሳየውም በዚህ ምክንያት ነው።

የትውልድ ቦታውን ማሰብ ነገሩን ያብራራዋል። ተክሉ የመጣው ከጃፓን፣ ከኮሪያ ልሳነ ምድርና ከሳካሊን ደሴት ደኖች ነው። እዚያ በጫካው ወለል ላይ፣ በጥላ ውስጥ ይበቅላል፤ የዛፍ ግንድ ሲያገኝ እየተጣበቀ ይወጣል፣ ሲመቸውም 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ይደርሳል። የጎን ቅርንጫፎቹን በብዛት ዘርግቶ የሚያብበው ከጥላው ወጥቶ የተሻለ ብርሃን ሲያገኝ ነው። ስለዚህ መደገፊያ አጥቶ መሬት ለመሬት የሚሳብ ሐረግ ለብዙ ዓመታት ሳያብብ ሊኖር ይችላል፤ ግድግዳ ላይ የወጣውም ቢሆን አበባው የሚበዛው በላይኛው ክፍሉ ነው። የእርስዎ ተክል ጣሪያው ጠርዝ ሊደርስ መቃረቡ በእኔ አስተያየት ጥሩ ምልክት ነው።

ከቦታው ቀጥሎ የሚታሰበው ጊዜው ነው። የሚመጣው ዓመት አበባ የሚዘጋጀው ዘንድሮ ነው። ሞቃቱ ወቅት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ በጎን ቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ እምቡጡ ይቋጠራል፤ ከዚያም ቅጠሉ ረግፎ ተክሉ በሚያርፍበት ጊዜ እንደተዘጋ ብርዱን ያሳልፋል፣ ሙቀት ሲመለስም አዲስ አጭር ቀንበጥ ሆኖ ይወጣና በጫፉ ላይ ያብባል። ብርዱ እንዳለፈ የሚደረግ ክርከማ ተክሉ ወራት ሙሉ ተሸክሞት የቆየውን አበባ ሊፈካ ጥቂት ሲቀረው ያስወግደዋል። በዚያን ጊዜ በእጅ የሚያዘው ቅርንጫፍ ደረቅ እንጨት መስሎ ስለሚታይ፣ ከመቀሱ ጋር ምን አብሮ እንደሄደ ለማወቅ አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ብርዱ ሲያልፍ አንድም የጎን ቅርንጫፍ ሳይነኩ ይተዉት። ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወደ ውጭ ሊዘረጉ እንደሚችሉ አስቀድመው ይወቁ፤ ይህ የተክሉ ተፈጥሮ ስለሆነ ከሥሩ መተላለፊያ መንገድ ካለ ቦታውን ማስፋት እንጂ ቅርንጫፉን ማሳጠር መፍትሔ አይሆንም። የግድ መቆረጥ ያለበት ነገር ካለ፣ የሚቆረጥበት ትክክለኛ ጊዜ አበባው እንዳለፈ ወዲያውኑ ነው። ገና ያላበበ ተክል እንኳ ቢሆን፣ ቢያብብ ኖሮ አበባው በሚያልፍበት በሞቃቱ ወቅት መጀመሪያ አካባቢ ይከርከም፤ ያን ጊዜ ከተቆረጠ የጎን ቅርንጫፎቹ ለሚቀጥለው ዓመት እምቡጥ ለመቋጠር በቂ ጊዜ ይኖራቸዋል።

ለምለም መስክ፦

ሰላም ሐመልማል፤ ሰላም የጓሮ ባለሙያ። ስለ መቀሱ የተባለውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ መቀሱ ቢቆም ብቻ ተክሉ ያብባል ብሎ መደምደም ያስቸግረኛል፤ በጥያቄው ውስጥ በአጭሩ የታለፈው የውኃው ጉዳይ እኩል ሊታይ ይገባል ባይ ነኝ።

የግድግዳ ሥር ከሌላው መሬት ይልቅ ደረቅ ነው። ጣሪያው ዝናቡን ይከለክላል፣ ነፋሱ ውኃውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል፣ ግድግዳውና መሠረቱም ያለችውን እርጥበት ይመጥጣሉ። ሃይድራንጂያ ደግሞ ጥማት የማይችል ተክል ነው፤ ሥሩ ወደ ጥልቅ ሳይሆን ከላይኛው የአፈር ክፍል ጋር ተስፋፍቶ ይኖራል። ሰዎች ብዙ ጊዜ ውኃ የሚያስቡለት ቅጠሉ ሲጠወልግ ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉ ሳይጠወልግም ተክሉ በድርቅ ሊቸገር ይችላል፤ ያን ጊዜ ያለውን ኃይል ቅጠሉን ለማኖር ያውለውና እምቡጥ መቋጠሩን ይተወዋል። እምቡጡ የሚቋጠርበት ጊዜ ሞቃቱ ወቅት ወደ ማብቂያው ሲሆን ነው፤ በብዙ አገር መሬቱ በጣም የሚደርቀውም ያን ሰሞን ነው። ሁለቱ መገጣጠማቸው ለዚህ ተክል ትልቅ ፈተና ነው።

ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። ከዘነበ ማግስት ግንዱ አጠገብ ያለውን አፈር አንድ ጣት ጥልቀት ጫር አድርገው ይንኩት፤ ከዚያም ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቀው እንዲሁ ያድርጉ። የግድግዳው ሥር ያለው አፈር እንደ ዱቄት ከተበተነ ዝናቡ እዚያ አልደረሰም ማለት ነው። እንግዲያውስ ዝናብ በማይኖርበት ሞቃት ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ አፈሩ እስከ ውስጥ ድረስ እስኪርስ ቀስ እያሉ ያጠጡት፤ በየቀኑ ላዩን ብቻ ማርከፍከፍ ሥሩን ይበልጥ ወደ ላይ ስለሚስበው ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ከዚያም በበሰለ ብስባሽ ወይም በተፈጨ የዛፍ ቅርፊት ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ ያልብሱት፤ ግንዱን እንዳያበሰብሰው ግን ጉዝጓዙ ግንዱን ሳይነካ ጥቂት ራቅ ይበል። አዲስ ለሚተክሉ ሰዎች ደግሞ ይህን ላስታውስ፤ ችግኙ ከግድግዳው 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ተተክሎ ግንዱ ወደ ግድግዳው ጋደም ቢል፣ የደረቀውን ክፍል ከመጀመሪያው ያመልጣል።

ማዳበሪያውን በተመለከተ፣ የሣር ማዳበሪያ ለዚህ ተክል አይስማማውም። በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ከሚጻፉት ሦስት ቁጥሮች የመጀመሪያው ናይትሮጅንን፣ ሁለተኛው ፎስፈረስን፣ ሦስተኛው ፖታሲየምን ያመለክታል፤ በሣር ማዳበሪያ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ከሌሎቹ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ናይትሮጅን ቅጠልና ቀንበጥ ያበዛል፤ ሲበዛ ተክሉ ማደጉን ትቶ ወደ ማበብ እንዳይመለስ ያደርገዋል። እርስዎ የገለጹት ጥቁር አረንጓዴና ወዛም ቅጠል የጤና ምልክት እንደሆነ አልክድም፣ ነገር ግን ከናይትሮጅን መብዛትም ሊመጣ ይችላል። ሣሩ ሲዳበር ከግንዱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ቢተዉለት ጥሩ ነው። ለሐረጉ ራሱ፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አዲስ ቅጠል ሲወጣ የሚጨመር ብስባሽ ይበቃዋል።

የአጥንት ዱቄቱን ግን አልመክርም። ሰዎች የሚያስቡት በውስጡ ያለው ፎስፈረስ አበባ ያስወጣል በሚል ነው፤ አብዛኛው የጓሮ አፈር ግን ፎስፈረስ አይጎድለውም፣ በማይጎድለው አፈር ላይ የሚጨመረውም ተክሉን ለማበብ አይገፋፋውም። ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ሥሩ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር እንዳይወስድ ያደናቅፈዋል፤ ያን ጊዜ የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከላቸው ያለው ክፍል ቢጫ ይሆናል። ፎስፈረስ የሚጨመረው አፈሩ ተመርምሮ ጉድለቱ ሲታወቅ ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ።

ስለ ማዛወሩም እንዲሁ፣ እባክዎ አይንቀሉት። ማለዳ የሚያገኘው ፀሐይና ከዚያ በኋላ ያለው ክፍት ጥላ ለዚህ ተክል ከሚመረጡት ቦታዎች አንዱ ነው። ፀሐይ ከነአካቴው በማያገኝ፣ በሌላ ሕንፃ ወይም በጥቅጥቅ ዛፍ በተሸፈነ ቦታ ላይ ቢሆን ኖሮ ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ አሳስቶ ብርሃን ማስገባት ይታሰብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ያለው ኃይለኛ ፀሐይ ግን፣ በተለይ አፈሩ ደረቅ ከሆነ፣ የቅጠሉን ጠርዝ ያቃጥላል። ለዓመታት የተስፋፋ ሥር ሲነቀል አብዛኛው ተቆርጦ ይቀራል፤ ተክሉም ሥሩን እንደገና እስኪያስፋፋ ድረስ ሌላ ብዙ ዓመት ያለ አበባ ያልፋል።

አበባ አጥኚ፦

ከላይ ያሉት ሁለቱ መልሶች ብዙውን ስለሸፈኑ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ተክሉ አብቦ የማያውቅ ከሆነ ማንነቱን ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ ሺዞፍራግማ የሚባል የቅርብ ዘመዱ በችግኝነቱ በጣም ስለሚመስለው አንዳንዴ በሐረግ ሃይድራንጂያ ስም ይሸጣል። የሐረግ ሃይድራንጂያ ቅጠል ጠርዙ ላይ ደቃቅና እኩል የሆኑ ጥርሶች አሉት፤ የሺዞፍራግማው ጥርስ ሰፋ ሰፋ ያለና በግልጽ የሚታይ ነው። ሲያብቡ ግን ልዩነታቸው አያከራክርም። ሁለቱም ጠፍጣፋ ዘለላ አላቸው፤ በመካከሉ ፍሬ የሚያፈሩ ጥቃቅን አበቦች ተሰብስበው፣ ዙሪያውን ደግሞ ለዓይን የሚታዩ ነጫጭ መካን አበቦች ይከቡታል። በሐረግ ሃይድራንጂያ እያንዳንዱ መካን አበባ አብዛኛውን ጊዜ አራት ነጫጭ ክፍሎች ሲኖሩት፣ በሺዞፍራግማ ግን አንድ ብቻ፣ ልብ የመሰለ ክፍል ነው ያለው። የሺዞፍራግማ አበባ ዘግየት ብሎ ይመጣል፤ እርሱም ለማበብ ዓመታት የሚፈልግ በመሆኑ ከላይ የተሰጠው ምክር በአመዛኙ ለእርሱም ይሠራል።

ዕድሜውን በሚመለከት፣ ሐረግ ሃይድራንጂያ በምቹ ቦታ ከተተከለ በኋላ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ማበብ ሊጀምር ይችላል፤ 7 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆየውም ጥቂት አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሥሩን በማስፋፋት ስለሚያሳልፍ ከላይ የቆመ ይመስላል። ከ5 ዓመት በላይ የሆነውና ግድግዳውን የያዘው የእርስዎ ተክል ስለዚህ ለማበብ ደርሷል ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ሐመልማል፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ይዤ ተክሉን በቅርብ ተመለከትኩት፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መቀሱ በሚደርስበት ከፍታ ድረስ የጎን ቅርንጫፎቹ ሁሉ ጉማጅ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጉማጅ ሦስት አራት ቀጫጭን ቀንበጦች ወጥተዋል፣ ጫፋቸውም ላይ ያለው ጉጥ ትንሽና ሹል ነው። ከዚያ በላይ፣ ጣሪያው ጠርዝ አካባቢ ግን፣ ማንም ያልነካቸው ጥቂት አጫጭር ቅርንጫፎች አሉ። በመሰላል ወጥቼ ስነካቸው ጫፋቸው ላይ ያለው ጉጥ ከታችኞቹ በግልጽ ወፈር ያለ ሆኖ አገኘሁት፤ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ከተቀመጡት የጎን ጉጦችም ይበልጣል። የቅጠሉ ጠርዝ ጥርሶች ደቃቅና እኩል ስለሆኑ ሐረግ ሃይድራንጂያ መሆኑን አምኛለሁ። አፈሩንም ከዝናብ በኋላ ጫር አድርጌ አየሁት፤ ሣሩ ያለበት በደንብ ሲርስ የግድግዳው ሥር ያለው ግን ደረቅና ብናኝ ነበር። ውኃ ማጠጣቱንና ጉዝጓዙን ጀምሬያለሁ።

ሁለት ጥያቄዎች ግን ቀርተውኛል። ወፍራሞቹ እምቡጦች ያሉት ጣሪያው ጠርዝ ላይ ከሆነና ተክሉ ወደ አሸንዳው መግባት ከጀመረ፣ አበባውን ሳላጣ እንዴት ልመልሰው? ደግሞስ እምቡጡ ሊወጣ ሲል የሚመጣ ውርጭ ሊያጠፋው ይችላልን?

የጓሮ ባለሙያ፦

ያዩት ነገር በጣም ደስ ያሰኛል። ማንም ባልነካቸው ቅርንጫፎች ላይ ያለው ወፍራም ጉጥ የአበባ እምቡጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ጉማጆቹ ላይ ያሉት ትናንሾቹና ሹሎቹ ደግሞ የቅጠል ናቸው። የታችኞቹ ቀንበጦች ካልተነኩ እየጠነከሩ ሄደው፣ አንዳንዶቹ በሚቀጥለው፣ ሌሎቹም ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት እምቡጥ ሊቋጥሩ ይችላሉ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ዘለላ ብቻ ከላይ ቢያዩ ለተክሉ የተለመደ ነው።

አሸንዳውን በተመለከተ፣ ሐረጉ ከውስጥ ገብቶ ውኃውን እንዲዘጋ ወይም ከጣሪያው ሥር እንዲገባ መፍቀድ አይገባም፤ እዚህ ላይ መቀስ ያስፈልጋል። የሚቆረጠው ግን የትኛው እንደሆነ ለይተው ይወቁ። ወደ አሸንዳው የሚሄደው በአየር ሥሮቹ ተጣብቆ የሚወጣው ረጅም ቅርንጫፍ ነው፤ አበባውን የያዘው ደግሞ ወደ ውጭ የተዘረጋው አጭሩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ከአሸንዳው በታች ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው፣ ከአንድ ጥሩ የጎን ቅርንጫፍ በላይ ይቁረጡት፤ የጎን ቅርንጫፉ እንዳለ ይቀራል። ይህን ለማድረግ አበባው እስኪያልፍ ድረስ መጠበቁ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም አንድ ሁለቱ አሁኑኑ ወደ ውስጥ ከገቡ እነርሱን ብቻ ነጥሎ መቁረጥ ጉዳት የለውም። የተቆረጠው ጫፍ የአየር ሥሮቹን ግድግዳው ላይ ትቶ ይነሣል፤ ምልክቱም ለብዙ ጊዜ ይቆያል። ግድግዳው ጠንካራ ከሆነ ሥሮቹ አይጎዱትም፤ ልስኑ የላላ ወይም ቀለሙ የተላጠ ከሆነ ግን ሐረጉ ሲላቀቅ ይዞት ሊመጣ ስለሚችል በኃይል አይጎትቱት።

ወደ ፊት ተክሉ ከመጠን በላይ ቢከብድና በጥልቀት መከርከም ቢያስፈልገው፣ ሁሉንም በአንድ ዓመት አይቁረጡ። ይህ ተክል ከባድ ክርከማን ይችላል፣ ከአሮጌ ግንዱም እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ነገር ግን ለሁለት ሦስት ዓመት አበባውን ይነሣዎታል። ሥራውን በ3 ወይም በ4 ዓመት ከፋፍለው በየዓመቱ አንዱን ክፍል ቢያሳጥሩ፣ ሌላው ክፍል በዚያው ጊዜ እያበበ ይቆያል።

ለምለም መስክ፦

ስለ ውርጩ እኔ ልመልስ። ተኝቶ ያለ ተክል ከባድ ብርድ ይችላል፤ ሐረግ ሃይድራንጂያ በብርድ የታወቁ አገሮች ውስጥ ያለ መጠለያ ይኖራል። አደጋው የሚመጣው እምቡጡ ከተከፈተና ለስላሳው ቀንበጥ ከወጣ በኋላ ሙቀቱ ከዜሮ በታች የወረደ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ አዲሱ ቀንበጥ ይጠቁርና ይረግፋል፤ ከሥሩ ካሉት የተኙ ጉጦች ሌላ ቅጠል ይወጣል፣ አበባው ግን ለዚያ ዓመት አይተካም። ቅጠሉ በሰላም ወጥቶ አበባ ሳይታይ የቀረበት ዓመት ካለ፣ ቀንበጦቹ የወጡበትን ሰሞን አየር ማስታወስ ተገቢ ነው።

እስከ ጣሪያ የወጣ ሐረግን ሙሉ በሙሉ መሸፈን የማይሆን ነገር ነው፤ ትንሽ ተክል ግን ውርጭ በሚጠበቅበት ሌሊት በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ማለዳ መግለጥ ይቻላል። ለእርስዎ የሚሻለው ተክሉ ቶሎ እንዳይነቃና ለስላሳ ቀንበጥ እንዳያበዛ ማድረግ ነው፤ ስለዚህም ሞቃቱ ወቅት ከገፋ በኋላ ምንም ማዳበሪያ አይስጡት። ዘግይቶ የተሰጠ ናይትሮጅን ሳይጠነክር ብርድ የሚያገኘው ዕድገት ያስከትላልና። ውኃውን ግን ቅጠሉ መርገፍ እስኪጀምር ድረስ አያቋርጡት።

ከጉማጆቹ የወጡትን ቀጫጭን ቀንበጦችም ለማሳሳት አይቸኩሉ። አብዛኛው ሰው በአንድ ጉማጅ ላይ ሦስት አራት ሲያይ አንዱን ብቻ ማስቀረት ይቀናዋል፤ የትኛው ወፍሮ እምቡጥ እንደሚቋጥር ግን የሚታወቀው ቅጠሉ ሲረግፍ ነው። ያን ጊዜ በሁሉም ጫፍ ላይ ያለውን ጉጥ በጣትዎ እየዳሰሱ ያወዳድሩና፣ ወፈር ያለ ጉጥ ባላቸው ላይ የክር ምልክት እሰሩባቸው። አበባው በሚመጣበት ወቅት ምልክት ያለባቸው ምን እንደሆኑ ካዩ በኋላ፣ ምንም ያልያዙትን ደካሞቹን ያኔ ከሥራቸው ሊያነሧቸው ይችላሉ።